የበላቸው ሙሾ በሁሉም ጆሮ

ሐረገወይን በአዘዞ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ናት። ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ ጠይቃ ለሟቹ ብቻ ትገጥማለች፤ ለአንዱ ያወረደችውን ለሌላው አትደግምም። የሳንጃው መስመር ሾፌር በላቸው የሞተ ጊዜም እንዲህ አለች፦

"በላቸው ጎበዙ፣ የማኪናው ጌታ፣
የሳንጃው መንገደኛ በማን ይግባ ማታ?"

የሟቹ ዘመድ የሆነው ክንዱ፣ አራዳ ገበያ ውስጥ ኤምፒስሪ በምትባለው ትንሽ ማጫወቻ ላይ ዘፈን የሚሞላ ወጣት ነበር። አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥላት በዚያች ዕቃ ለቅሶው ላይ የሐረገወይንን ድምፅ ቀዳና ከዘፈኑ ጋር ቀላቅሎ ለመጣው ሁሉ ሞላለት።

ድሮ ካሴት ሲከፈት ሻይ ቤቱ በሙሉ ይሰማ ነበር፤ ነውር ነገር ከሆነ አንዱ ሽማግሌ "ዝጋው!" ይላል። አሁን ሁሉም ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ይሄዳል። ምን እንደሚሰማ የሚያውቅበት የለም፤ የሚያፍረውም የለም።

አንድ ቀን ሐረገወይን በተሳፈረችበት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ጎረምሳ ቆሎ እየቆረጠመ ራሱን ይወዘውዛል።

"ምን እየሰማህ ነው ልጄ?"

"ለቅሶ ነው እማማ። ሸጋ ነው፣ ይስሙት።"

ኩክ የተለጠፈበትን ማዳመጫ ከጆሮው ነቅሎ ሰጣት። የራሷ ድምፅ ነበር፤ በላቸውን ይጣራል።

"ሟቹን ታውቀዋለህ?"

"ኧረ የት አውቄው! እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ነው የምሰማው። መጨረሻው ግን ይንዛዛል" አለና አንዱን ቁልፍ ተጫነ። የጭፈራ ዘፈን ጮኸባት። ሐረገወይን ማዳመጫውን ነቅላ ጆሮዋን በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ ፈተገችው።

ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊው ዓለምነው ሞተ። ሴት ልጁ ሸዋአየሁ ሙሾ እንድታወርድለት ሐረገወይንን ለመነቻት።

"አወርዳለሁ። ያ የሚንጠለጠለው ነገር ግን ለቅሶው ውስጥ እንዳይገባ።"

ሸዋአየሁ ማለችላት። ሐረገወይን አስከሬኑ ፊት ስትቆም ግን ኤምፒስሪ የያዙ እጆች ከየአቅጣጫው ተዘረጉ። አፏን ዘጋች።

"ምነው እትዬ? አባቴ እንደ ውሻ ዝም ተብሎ ይቀበር?" አለች ሸዋአየሁ።

"መጀመሪያ ያንን ሰብስቡ።"

"ለማስታወሻ እኮ ነው!" አለ አንዱ። ማንም አልሰበሰበም።

አንድ ወጣት ግን "እኔ ጋ አለች!" ብሎ የራሱን ኤምፒስሪ ድንኳኑ ውስጥ ከቆመው ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘው። መሪ ጨብጦ በማያውቀው ልብስ ሰፊ አስከሬን ላይ፣ "በላቸው ጎበዙ፣ የማኪናው ጌታ" የሚለው ድምፅ ግቢውን ሞላው።

ሐረገወይን "ዝጉት!" ትላለች ብላ ሸዋአየሁን አየቻት። ሸዋአየሁ ግን ደረቷን ትመታ ጀመረች። ሴቶቹም ተከተሏት።

ከበሩ በኩል አንዱ፣ "እዚህ አይሰማም፣ ጨምሩት" አለ።