ፓስተር ገብረወልድ በኋላው ወንበር

እኔ የሺሃረግ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቦንጋ ገበያ አጠገብ፣ በባለሱቁ በከሚል በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈኝ። በረንዳ ላይ የሚውል ሰው የማያየው ነገር የለም። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ፣ የትኛው የቢሮ ሰው በሥራ ሰዓት ገበያ ለገበያ እንደሚዞር ሁሉ እኔ ዘንድ አለ። አፌም ዝም አይልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ፓስተር ገብረወልድ ሳወራ እኔ ቅድስት መስዬ እንዳልታያችሁ ብዬ ነው።

ፓስተር ገብረወልድ ዋጫ አካባቢ ከቡና ገበሬ ቤት የተወለዱ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ድሮ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። በዕድሜ ታናሼ ናቸው፤ ግን ፓስተር ፓስተር ነውና አንቱ እላቸዋለሁ። ሰዓት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ እሳቸው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅባቸዋል። ያገኙትን ሁሉ ቆመው ሰላም ይላሉ። ሰላምታቸው ደግሞ "እንዴት ነህ" ብሎ ማለፍ እንዳይመስላችሁ፤ የላሟን፣ የልጁን፣ የእናቱን ጉልበት ሁሉ በየተራ ይጠይቃሉ። ከሚል ሙስሊም ነው፤ እሱ ጋ ቆመው ሲያወሩ ሰዓቱ ሲሄድበት "ፓስተር፣ ኧረ ሕዝብዎ እየጠበቀ ነው፣ ይሂዱ" ብሎ የሚያባርራቸው እሱ ነው። የኮታቸውን ክርን ስንት ጊዜ እንደጣፍኩላቸው ቁጥሩ ጠፍቶኛል። አዲስ ልስፋልዎት ስላቸው "ይሄኛው ገና መቼ ሞተ" ይሉኛል።

የሚወደዱበት ነገር ግን ሌላ ነው። ሰው አጠፋ ሲባሉ አይቆጡም፤ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ አንድ የእኛው ምእመን ሚስቱን መታ ተባለ። ፓስተር ማሳው ድረስ ሄደው ቀኑን ሙሉ አብረውት ቡና ሲለቅሙ ዋሉ። በማግስቱ ሰውየው ራሱ ሽማግሌ ልኮ ሚስቱን ይቅርታ ጠየቀ። ቡናው መሀል ምን ብለውት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ እኔ እንኳ አላወቅኩም።

ይህ ነገራቸው ሁሉንም አያስደስትም ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ጋሽ አምባው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ አሁንም ተማሪ ፊት የቆሙ ይመስላቸዋል። "ፓስተራችን ሰው ጥሩ ነው፣ ግን ለስላሳ ነው፤ ቤቱን ሊበትነው ነው" ይላሉ፤ በሹክሹክታ ሳይሆን ፊት ለፊት። ፓስተር ፈገግ ብለው ያልፉታል። ነገሩ ውስጣቸው እንደገባ ያወቅነው በኋላ ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከባድ ጥፋት ያጠፋ ሰው እሁድ ከስብከት በፊት ስሙ በመድረክ ይነበባል። ስሙ የተነበበ ሰው ለስድስት ወር ይታገዳል። የጌታ እራት አይወስድም፣ አይዘምርም፣ መድረክ አይወጣም፤ በሩ አጠገብ ካለው ከመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ፓስተር ገብረወልድ ሰውየው ቤት ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይመላለሱ ስም አንብበው አያውቁም። ሳይሄዱ አንድ ጊዜ ብቻ አነበቡ፤ ያንንም ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ጊዜው ዘጠና አምስት ዓ.ም. ነው፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። ወሰንየለሽ የምትባል የመዘምራን መሪ ነበረችን፤ ገበያ ውስጥ ኮረሪማና ዝንጅብል የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ያማረ ሴት። እኔ ደግሞ ቂም ነበረኝ። የመዘምራኑን ልብስ ሁልጊዜ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ በዚያ ዓመት እሷ ተነስታ ለሌላ ሰፊ ሰጠችብኝ። እጥፋቱ አያምርም አለች አሉ። የእኔ እጥፋት! ይኸው እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ እንግዲህ ያኔ እንዴት እንደነበርኩ አስቡት።

አንድ አርብ ከከተማው ወጣ ያለ ቀበሌ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ከአላሞው ግቢ በር ወሰንየለሽ ስትወጣ አየኋት። አላሞ የምንለው መንፈስ ያድርበታል የሚባለውን፣ ሰው ስለ ሕመሙና ስለ ጭንቁ ሊጠይቀው የሚሄደውን ሰው ነው። ለእኛ ለጴንጤዎች እዚያ ደጅ ከመርገጥ የሚብስ ነገር የለም። እንሰት ጥግ ተከለልኩና አሳለፍኳት። ቅዳሜ በጠዋት ፓስተርን ግቢ ውስጥ ለብቻቸው አገኘኋቸውና ነገርኳቸው።

"በዓይንሽ አይተሻል፣ እትዬ የሺሃረግ?" አሉኝ።

"በዓይኔ በብረቱ!"

ፊታቸው ጠቆረ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ፓስተር የእኔን ስም ሳይጠሩ "የታመነ ሰው አይቷል" ብለው ነገሩን አቀረቡ፤ እቤቷ ሄጄ ልጠይቃት፣ ሳምንት ስጡኝ አሉ። ጋሽ አምባው ጠረጴዛውን መቱ። "መሪ ዘማሪ አላሞ ቤት ገብታ፣ አሁንም ልጠይቅ? እንግዲህ እረኛ ከሆንክ ዛሬ እንይህ" አሏቸው። ፓስተር አንገታቸውን ደፉ። ለስላሳ መባሉ ሰልችቷቸው ነበር፤ ይህን በኋላ ራሳቸው በአፋቸው ተናግረውታል። እሁድ ጠዋት ስሟን አነበቡ።

ወሰንየለሽ ከመዘምራኑ መሀል ተነሳች። ክርክር የለ፣ ልቅሶ የለ፤ ነጠላዋን አስተካክላ በመሀል መንገዱ ሄደችና የመጨረሻው ወንበር ላይ እንኳ ሳትቀመጥ በሩን ከፍታ ወጣች። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላልኝ አለ።

ፓስተር ማክሰኞ እቤቷ ሄዱ፣ አልከፈተችም። ረቡዕ ሄዱ፣ አልከፈተችም። አርብ ሲሄዱ ምግብ በቅርጫት ይዛ ስትወጣ ደረሱባት። ቅርጫቱን ተቀበሏትና ምንም ሳይጠይቁ ከጎኗ መራመድ ጀመሩ። ግማሽ መንገድ ያህል እንደሄዱ ነው አፏን የከፈተችው። ታላቅ እህቷ በዛወርቅ በቲቢ ታማለች። የባሏ ቤተሰቦች አላሞው ግቢ አስቀምጠዋታል። ወሰንየለሽ በየአርቡ ምግብና የሳምንቱን መድኃኒት ደብቃ ትወስድላታለች። ይህ ከተሰማና የቤተ ክርስቲያን ሰው መጥቶ በጸሎት ጩኸት ካነሳ፣ የባልየው ወገኖች ወሰንየለሽን ደጅ አያስደርሷትም፤ መድኃኒቱም ይቋረጣል። ዝም ያለችው ለዚህ ነው።

ፓስተርም አብረዋት ገቡ። ፓስተር አላሞ ቤት! አላሞው ራሱ በጨዋ ደንብ ወንበር አቅርቦ አስቀመጣቸው፤ እሳቸውም የላሞቹንና የልጆቹን ጤና ጠየቁት፤ ያው እሳቸው አይደሉ? ከዚያ በኋላ አርብ አርብ ቅርጫት ተሸካሚ ሆነው ቀሩ።

በሁለተኛው እሁድ መድረክ ላይ ወጡና እንዲህ አሉ፤ "ወሰንየለሽ ያጠፋችው የለም። ለምን እንደሆነ መናገር አልችልም፤ የሰው ምስጢር ነው። ሳልጠይቃት ፈርጄባታለሁ። ለስላሳ ነው እንዳልባል ብዬ በአንዲት እህቴ ላይ ጨከንኩ። እሷ ላይ የተነበበው ቅጣት በእኔ ላይ ይሁን።" ከዚያ ከመድረክ ወረዱ፣ በመሀላችን አለፉ፣ በሩ አጠገብ ከኋላው ወንበር ተቀመጡ። ጋሽ አምባው እንኳ መነጽራቸውን ሲወለውሉ አየሁ። ወሰንየለሽ ወደ መዘምራኑ ተመለሰች።

ወገኖቼ፣ በዚያ ወንበር እንዴት እንደተቀመጡ ብታዩ። ዘግይተው ለሚመጡ እናቶች በር ይከፍታሉ። የሚያለቅስ ሕፃን ካለ ተቀብለው እሹሩሩ እያሉት ይወጣሉ፤ የሕፃናቱ ለሃጭና ንፍጥ ኮታቸው ላይ ያልቃል። ከእሳቸው ይልቅ መቀመጫው ያቃጠለው እኔን ነበር። መሀል ተቀምጬ ስብከቱ አንድም አይገባኝም። በየጠዋቱ በበረንዳዬ ሲያልፉ ያው እንደ ድሮው ቆመው "እትዬ የሺሃረግ፣ ወገብሽን ተሻለሽ?" ይሉኛል። ምነው በተቆጡኝ! ምነው አንዴ በክፉ ዓይን ባዩኝ! እነግራቸዋለሁ እልና መቀሱን አንስቼ ጨርቅ መቁረጥ እጀምራለሁ።

በአራተኛው ወር ነገሩ ከረረ። ፓስተሩ አላሞ ቤት ይመላለሳል የሚለው ወሬ የአካባቢውን ቤተ ክርስቲያኖች እስከሚያስተዳድረው ቀጠና ድረስ ደርሶ ሦስት የቀጠና መሪዎች መጡ፤ ምእመኑም ተጠራ። ደግነቱ በዛወርቅ ያን ጊዜ ድና ወደ ቤቷ ገብታ ስለነበር ወሰንየለሽ ተነስታ ሁሉንም ገለጸች። ሰዉ አለቀሰ። እኔ ግን ዓይኔን ከመሬት አላነሳሁም።

የቀጠናው ሰብሳቢ ግን የሽማግሌዎቹን ቃለ ጉባኤ አገላብጦ "የአላሞው ቤት ነገር ተረድቶናል፤ ሌላ ነገር ቀርቷል" አለ። "የሰው ስም ያለ ምስክር አይነበብም፤ ደንብ ነው። የታመነ ሰው አይቷል ብለው ለሽማግሌዎች ተናግረዋል። ማን ነው ያየው?"

ፓስተር ከኋላው ወንበር ተነሱ። "ያነበብኩት እኔ ነኝ" አሉ።

"እሱን አልጠየቅንዎትም። ምስክር ከሌለ ከራስዎ ፈጥረው ነው ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ከአገልግሎት ያስነሳዎታል። ምስክሩን ይጥሩና ነገሩ ይቅለል።"

"ያነበብኩት እኔ ነኝ" አሉ ደግመው።

ሰብሳቢው ብዕሩን አነሳ። ጋሽ አምባው ሳይቀሩ "ኧረ ተናገር፣ ልጄ" አሏቸው። ፓስተር ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ያን ጊዜ ቆሜ አገኘሁት ራሴን።

"ያየሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

ሰብሳቢው ዞሮ አየኝ። "ያዩት እውነት ነበር፣ እናቴ?"

"ከበሩ ስትወጣ አይቻለሁ፤ እውነት ነው" አልኩ። እዚህ ላይ መቀመጥ እችል ነበር። ፓስተርም "ይበቃል፣ እትዬ፣ ተቀመጪ" አሉኝ በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው። እንዲያ ባይሉኝ ኖሮ ምናልባት እቀመጥ ነበር።

"አይበቃም" አልኩ። "ስትወጣ እያለቀሰች ነበር። አጥሩን ተደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። በእጇ ባዶ ሳሕንና የመድኃኒት ወረቀት ነበር፤ የክሊኒክ ወረቀት መሆኑን አውቄዋለሁ። አላሞ ዘንድ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ሳሕን ይዞ አይሄድም፤ ይህንም አውቃለሁ። ያየሁትን ግማሹን ነገርኳቸው፣ ግማሹን ዋጥኩት። በልብስ ስፌት ቂም ይዤባት ነው።"

 ሰብሳቢው ወደ ኋላው ወንበር ዞሮ ፓስተርን "ይህን ቢያውቁ ኖሮ ያነቡ ነበር?" አላቸው። ፓስተር "ሌላስ ምን አየሽ ብዬ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኳትም፤ ይህ የእኔ ሥራ ነበር" ብለው መለሱ።  የቀጠና ሰዎች ለብቻቸው ተነጋግረው ሲመለሱ ፓስተር በቦታቸው ይቆዩ፣ ዛሬውኑ መድረክ ይመለሱ አሉ። እሳቸው ግን ሁለት ወር ይቀረኛል፣ ልጨርስ ብለው እምቢ አሉ። ሰብሳቢው ሳቀ፤ ምን ያድርግ?

ስንወጣ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ወሰንየለሽ የቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ላይ ጠበቀችኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ሁለት ክንዴን ይዛ አቆመችኝ።

"ያን ቀን እኮ አይቼሽ ነበር፣ እትዬ" አለችኝ።

"የት?"

"እንሰቱ ጥግ። ያንን ቀይ ጃንጥላሽን ቦንጋ ውስጥ የማያውቀው ማን አለ?"

 አራት ወር ሙሉ እያወቀች ገበያ ላይ ሰላም ስትለኝ፣ ዝንጅብል መርቃ ስትሰጠኝ ነው የከረመችው።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ልናገር ነበር። በመጀመሪያው አርብ መንገድ ላይ ለፓስተር ነገርኳቸው፤ እሁድ ተነስቼ ስሟን እጠራለሁ፣ እሷም ትቅመሰው አልኳቸው። እሳቸው ግን ቅርጫቱን መሬት አስቀምጠው ለመኑኝ። 'ስሟን ሌላ ሰው አይጥራባት። የሺሃረግ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ራሷ ትመጣለች፤ ብትዘገይም እንጠብቃት' አሉኝ።"

ወደ ኋላ ዞሬ በተከፈተው በር አየሁ። ሰዉ ወጥቶ አልቋል፤ እሳቸው ግን አሁንም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው የአንዲት እናት ሕፃን አቅፈዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቁኝ ነበር። በየጠዋቱ በበረንዳዬ ቆመው ስለ ወገቤ ሲጠይቁኝ ሲጠብቁኝ ነበር። አፍሬ አለቀስኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን መወደዴ አስለቀሰኝ። ከዚያ ተመልሼ ገባሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የቀሩትን ሁለት ወራት እኔም እዚያው ወንበር ላይ ጨረስኩ፤ ስሜን ማንም አላነበበም።