ኮምፒዩተሩ ሥራ ጀመረ ብዬ የጻፍኩ ሰሞን

ታላቅ እህቴ ናዝሬት ውስጥ በአንድ የመንግሥት የእህል ድርጅት የመጋዘን ካርድ ያዥ ነበረች። ከደራና ከአርሲ ነገሌ የሚገባውን ስንዴ በእጇ ትመዘግባለች። የትኛው ቁልል እንደቆየ፣ የትኛውን ነቀዝ እንደጀመረው ካርዱን ሳታይ ትናገራለች። ዓይኗ የጠፋውን እናታችንን የምትጦረውም እሷ ነበረች። እኔ ለዜና ሥራ ከከተማ ከተማ ስዞር ቤት አልገኝም።

አዝመራው ባማረበት ዓመት መጋዘኑ ሞልቶ እህሉ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ከረመ። ካርድ ያዦቹ ምዝገባውን አልቻሉትም። ኮምፒዩተር የታዘዘው ያኔ ነው። ዕቃው ተገዝቶ ከአሰብ ወደብ እስኪነሳ ሁለት ክረምት አለፈ። ናዝሬት ሲደርስ ዝናቡ ቀርቶ መጋዘኑ ተራቁቷል። ለጥጋብ የታዘዘ መሣሪያ በችጋር ደረሰ። በሥራ ዘመኔ ይህንን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያኔ ግን አላስተዋልኩትም።

ዜናውን እንድሠራ ተላክሁ። ሥራ አስኪያጁ የእንጨት ሳጥኑን መታ መታ እያደረጉ፣ «ጓድ፣ ባለሙያው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል፤ አንተ ሥራ ጀምሯል በለው» አሉኝ። አልኩ። የሳጥኑ ሚስማር እንኳ አልተነቀለም ነበር።

ዜናው በሬዲዮ ሲነበብ እህቴ እናታችንን ምሳ እያበላች ነበር፤ እኔም ያን ቀን ቤት ነበርኩ።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ሲከፈት አይተሃል ወይስ ነገሩህ?»

«ሊከፈት ነው።»

«እኛ እኮ የሻይ ብርጭቆ የምንደረድረው እሱ ላይ ነው!»

እናታችን እስክታስል ሳቀች።

ዋናው መሥሪያ ቤት ግን ዜናውን አመነ። ኮምፒዩተር እያለ ካርድ ያዥ ምን ይሠራል ተባለና እህቴ ወደ አርሲ ነገሌ ቅርንጫፍ ተዛወረች። «እናቴን ለማን ልተዋት?» ብላ አመለከተች፤ ሰሚ አላገኘችም። ማስተካከያ ልጻፍ ብዬ አለቃዬን ብጠይቃቸው፣ «የወጣ ዜና አይመለስም» አሉኝ። ባለሙያውም አልመጣም። የውጭ ምንዛሪው ሁሉ ወደ እህልና ነዳጅ ዞሮ ነበር። ሳጥኑ እንደታሸገ ቀረ።

እናታችንን የጎረቤት ሴት ታያት ጀመር። እህቴ ባዶ መጋዘን ውስጥ ባዶ ካርድ ይዛ ትውላለች፤ ፈቃድ ስታገኝ በአውቶቡስ ትመጣለች። በዚህ ሁኔታ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም፣ እናታችን አረፈች። እኔ ለዘገባ መልካሳ ሄጄ ነበር፤ ለቀብሩ ደረስኩ። እህቴ የደረሰችው በማግስቱ ነው።

ለቅሶው በረድ ሲል አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አልተሠቃየችም» አልኳት። «ስምሽን ጠርታ መርቃሽ ነው ያረፈችው።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«አጠገቧ ነበርክ ወይስ ነገሩህ?»

«ነገሩኝ» አልኳት።