ከል ለብሼ ወደ አሌክሳንድሪያ

የሄድኩት አንድ ዘፈን ላስቆም ነው። ባቡሩ ለሐዲድ ጥገና እየቆመ በሚሄድበት ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ እስካለችው አሌክሳንድሪያ ድረስ የሚያስኬደኝ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም።

ኤርምያስ ከሞተ ዐሥረኛ ወሩ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ የመኪና አደጋ ደረሰበት። አራት ዓመት አብረን ቆይተን፣ ቀለበት ገዝተን፣ ሠርጉን ለጥር ቆርጠን ነበር። ለቅሶው ላይ ግን ዘመዶቹ ከእንግዶች ጋር በሩ አጠገብ አስቀመጡኝ፤ ለሚመጣው ሰው ሁሉ «ጓደኛው ናት» እያሉ አስተዋወቁኝ። በማግስቱ ከል ለበስኩ። ያለበሰኝ ሰው የለም፤ ራሴ ገዝቼ ራሴ ለበስኩት።

ከቤት እስከ ጋለሪ ፕሌስ

ልወጣ ስል አብሬያቸው የምኖረው አክስቴ እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ጠበቁኝ። እጃቸው ላይ የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሳለት ሰማያዊ ቀሚስ ነበር።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩ ሴቶች ይመጣሉ። ከሉን አስወልቀውሽ ይሄን ትለብሻለሽ። በቃ ሮማን፣ ዕድሜሽ እየሄደ ነው።»

«እትዬ፣ እነሱ ሳያለብሱኝ እንዴት ያስወልቁኛል?»

«አንቺ ደግሞ! ሰው ምን ይላል? ቆሞ ላላገባሽ ሰው ይሄን ያህል!»

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ቀስ ያልኩት ለእርሳቸው አክብሮት ነው እንጂ ባላትመው ደስ ይለኝ ነበር።

ቀዩ የባቡር መስመር ላይ መቀመጫ አገኘሁና የኮነርን መልእክት እንደገና አነበብኩ። ኮነር ኤርምያስ ኪቦርድ ይጫወትበት የነበረው ባንድ ዘፋኝ ነው። ጎቲክ የሚባለውን ሙዚቃ ይጫወታሉ፤ ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ ዓይናቸውን በኩል አድምቀው፣ ስለ መቃብርና ስለ ፍቅር በቀስታ ያዜማሉ። የኮነር አያት ከአየርላንድ ይዘውት የመጡት አንድ የጥንት ታሪክ አለ። አንዲት ልጅ የምትወደውን ሰው ንጉሡ በቅናት ያስገድልባታል። እሷም መቃብሩ ላይ ተደፍታ፣ እህል ውሃ ሳትቀምስ ትሞታለች። ንጉሡ ሞተው እንኳ እንዳይገናኙ ብሎ በቤተ ክርስቲያን ግራና ቀኝ ለየብቻ ያስቀብራቸዋል። ከሁለቱ መቃብር ግን ሁለት ዛፍ ይበቅልና ቅርንጫፎቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጣራ በላይ ይጠላለፋሉ።

ኤርምያስ ለዚህ ታሪክ ዜማ ሠርቶለት፣ ግጥሙ ሳያልቅ ሞተ። አሁን ኮነር ጨርሶታል፤ ለመታሰቢያ ብሎም የልጅቷን ስም በኔ ስም ተክቶታል። በመጨረሻው ስንኝ ላይ ሮማን የኤርምያስ መቃብር ላይ ወድቃ ትሞታለች። ዘፈኑ የሚቀርበው በዚሁ ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ ባለ አንድ ባር ውስጥ ነበር።

ዛፎቹን ወድጃቸዋለሁ። በልጅቷ ግን ተናደድኩ። ለምን ትሞታለች? ንጉሡ የጀመረውን ለምን በገዛ እጇ ትጨርስለታለች?

ጋለሪ ፕሌስ ባቡር ስቀይር ሁለት ወጣት ሴቶች አስቆሙኝና ጥቁር ነጠላዬን የት እንደገዛሁት ጠየቁኝ፤ በጣም አምሮብሻል አሉኝ። በዐሥር ወር ውስጥ ከሌን ያደነቀልኝ ሰው ሲገኝ የመጀመሪያው ስለሆነ አመሰገንኳቸው።

ወንዙን ተሻግሮ

ቢጫው መስመር ከመሬት በታች ወጥቶ ፖቶማክን በድልድይ ይሻገራል። ከሌሊቱ ዝናብ በኋላ ወንዙ ደፍርሷል፤ አውሮፕላኖች ከራሳችን በላይ ዝቅ ብለው ወደ ማረፊያው ይወርዳሉ። አሌክሳንድሪያ፣ ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ስወርድ ወደ ወንዙ ዳርቻ የሚወስደው ነፃ አውቶቡስ በጎብኚዎች ጢም ብሎ ስለነበር በእግሬ ሄድኩ። የእግረኛው መንገድ ቀይ ጡብ ነው፤ የዛፍ ሥር ከታች እየገፋው ጎርበጥባጣ ሆኗል። በዐሥራ ሁለት ዶላር የተጠበሰ ዓሣና ድንች ገዛሁ፤ ኮምጣጤ አብዝተውበት ግማሹን ተውኩት።

ባሩ ሲጠፋኝ አንድ የመኪና ማቆሚያ ጋ ጠጋ አልኩ። በጥበቃ ቤቷ ውስጥ የተቀመጡት ሽበታም የአገሬ ሰው ገና ሲያዩኝ ቆባቸውን አውልቀው ተነሱ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ማን ሞቶብሽ ነው?»

ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ የልብሴን ትርጉም ያወቁት እኚህ ሰው ብቻ ናቸው። እኔ ግን አፌ የለመደውን መለስኩ።

«ጓደኛዬ ነው፣ አባባ።»

«ጓደኛ» አሉ ለራሳቸው ያህል፣ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ። ሌላ ነገር ሳይጠይቁኝ መንገዱን አሳዩኝ። ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ኤርምያስን እኔም እንደ ዘመዶቹ እንደካድኩት ገባኝ፤ አፈርኩ።

ባሩ ውስጥ

ሠላሳ የሚሆን ሰው ነበር፤ ሁሉም ጥቁር ለብሷል። የኔ ከል እዚያ ገብቶ ጠፋ፤ ከሌላው የሚለየው ነገር አልነበረውም። መድረኩ ላይ የኤርምያስ ኪቦርድ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ኮነር አቀፈኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ኩሉም ጉንጩ ላይ ወርዷል። እሱም ይወደው እንደነበር አውቃለሁ።

«ስሜን ከዘፈኑ አውጣ» አልኩት።

«ሮማን፣ ክብር እኮ ነው። እውነተኛ ፍቅር እንደዚህ ነው የሚያልቀው።»

«አላለቀም። እኔም አልሞትም። ሰኞ በጥዋት ሥራ አለኝ።»

«ያለዚያ ስንኝ እኮ መጨረሻ የለውም።»

«እንግዲያው መጨረሻ አይኑረው። ዜማውን ብቻ ተጫወቱ፤ ዜማው የሱ ነው።»

ግጥሙ የተጻፈበትን ወረቀት አየው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ለሰው ማን ናት ልበል?» አለኝ።

«ሚስቱ ናት በል።»

መድረኩ ላይ ወጥቶ እንደዚያው ተናገረ። ዜማው ተጀምሮ እስኪያልቅ ኪቦርዱ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። በለቅሶው ቀን በሩ አጠገብ ተቀምጬ የዋጥኩት እንባ ሁሉ ወጣ፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም።

መልስ

ስመለስ መኪና ማቆሚያው ጋ ሄድኩ። ሽማግሌው ሻይ እየጠጡ ነበር።

«አባባ፣ ቅድም ዋሽቼዎታለሁ። ባሌ ነው።»

ሻዩን አስቀምጠው፣ ገና አሁን እንዳዩኝ ሁሉ፣ ቆባቸውን እንደገና አወለቁ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። የክርስትና ስሙን ንገሪኝ፤ ነገ ለካህኑ ነግሬ በጸሎት አሳስብለታለሁ።»

«ገብረ ሚካኤል» አልኩ። ለቅሶው ላይ ስሙን የጠየቀኝ አልነበረም። እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስደርስ መሽቶ ነበር። ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው፤ አንዱ ወገን እርሺው ይለኛል፣ ሌላው ተከተይው ይለኛል። ሁለቱንም አልቀበልም። እኖራለሁ፤ ከሌንም እኔ በፈለግሁት ቀን አወልቀዋለሁ።

እትዬ ዘነቡ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ሰማያዊው ቀሚስ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሏል።

«ነገ ሴቶቹ ሲመጡ ምን ልበላቸው?» አሉኝ።

«ይምጡ፣ እትዬ። ባሌ ሞቶብኛል፤ መጀመሪያ ለቅሶ ይድረሱኝ። የማስወለቁን ነገር ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ቀና ብለው ከሌን አዩት። ከዚያ ተነስተው ቀሚሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱትና ሳሎኑን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«እንግዲያው» አሉ፣ «ወንበር አይበቃንም።»