የማይናገረው ቁጥር

ስደት በሌሊት ይጀመራል ይላሉ። እኔ ግን ከሆሳዕና የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን ነው። እናቴ ቆጮና ዳጣ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። "ጎረቤት ያያል" ብላ እንባዋን ዋጠችው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ለሳምንታት በጭነት መኪና ሸራ ስር ነው። ድንበር መሻገሬን የማውቀው የደላሎቹ ቋንቋ ሲለወጥ ብቻ ነበር።

ጆሀንስበርግ ስደርስ እጮኛዬ ኤርሚያስ ተቀብሎኝ ተጋባን፤ ኑሯችንም ከከተማው ዳር ቴምቢሳ በሚባል የድሆች ሰፈር ባለችው ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሱቁ ውስጥ ሆነ። እሱ ዕቃ ሊያመጣ ከተማ ሲወርድ እኔ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ዳቦና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ሀገር ቤት የተማርኩት ኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ የሰፈሩን ስልክም እጠግናለሁ። ሰኔ እዚህ ክረምት ነው፣ ግን ጠብታ ዝናብ የለውም፤ አጥንት የሚሰብር ደረቅ ብርድ ብቻ። ለሆሳዕና ሰው ዝናብ የሌለው ክረምት ምኑ ክረምት ነው?

የኮሮና ሎክዳውን መጣና ሰው ሁሉ ቤቱ ገባ፤ ሱቆች መዘረፍ ጀመሩ። የጥበቃ መኪኖች የት እንዳሉ ልስማ ብዬ ርካሽ አሮጌ ስካነር ገዛሁ። ስካነር የሌሎችን የሬዲዮ ንግግር እያሰሰ የሚያሰማ የእጅ ሬዲዮ ነው። ከፈትኩት። ንግግር የለም፤ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ድምፅ ብቻ። ለካ ሁሉም ዲጂታል ሆኗል። ብዙ ሬዲዮዎች ጥቂት ሞገዶችን ይጋራሉ፤ አንዱ ሞገድ እንደ ትራፊክ ፖሊስ "አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ" እያለ ይመራቸዋል። ያ ጉርምርምታ የእሱ ትእዛዝ ነበር።

ነገሩ አብከነከነኝ። ስካነሩን ፈታሁና ምልክቱ ተጣርቶ ወደ ስፒከሩ ከመሄዱ በፊት የሚያልፍበትን የቺፕ እግር ፈልጌ ቀጭን ሽቦ በየድኩበት። የሽቦውን ሌላ ጫፍ በኤርሚያስ አሮጌ ላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ ሰካሁት። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ፕሮግራም ጉርምርምታውን ወደ ቁጥር ቀየረው። የአንድ የግል አምቡላንስ ድርጅት መስመር ነበር። ንግግራቸው የተቆለፈ ነው፤ የሚታየው የትኛው ሬዲዮ እንደበራና ማን ማንን እንደጠራ ብቻ ነው። ውጭ መንገዱ ጭር ብሏል፣ እስክሪኑ ላይ ግን ቁጥሮች ይርመሰመሳሉ።

አከራያችን ባባ ሲቶሌ ጣሪያው ላይ ሽቦ አይተው መጡ።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከማንም፣ ባባ። አዳምጣለሁ ብቻ።"

"ምን ይላሉ?"

"ምንም አይሰማም።"

ጥቂት አሰቡና "እናንተ ሀገር ሰላይ እንኳ ሲሰደድ ሥራ ይፈታል ማለት ነው" ብለው ሄዱ።

ኤርሚያስ አልሳቀም። "የተከለከለ ነገር ነው። ቢያገኙብን ወረቀታችንን ነው የሚቀሙን" አለኝ። እውነቱን ነበር።

ከቁጥሮቹ መሐል አንዱ 2614 ነው። በየቀኑ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይበራል። አይጣራም፤ የሚጠራውም የለም። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠፋል። ሌሎቹ ሲሯሯጡ እሱ ዝም ብሎ ያደምጣል። እየዋለ እያደረ፣ እኔ እሱን ሳይሆን እሱ እኔን የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ጀመር። ለኤርሚያስ ነገርኩት።

"ሰው የማይናገርበት ከሆነ ማን ያበራዋል? በኢየሱስ ስም ዝጊው!"

አልዘጋሁትም። ከዚያ ቁጥሩ ሦስት ቀን ጠፋ።

በአራተኛው ቀን ሲስ ኖምሳ ፍርግርጉ ፊት ቆመች። "ሲስ" እህት ማለት ነው። ከመንገዱ ማዶ ነው የምትኖረው። ባሏ የአምቡላንስ ሹፌር ነበር፤ በኮሮና ሞቶ ከቀበረችው ጥቂት ወራት ሆኗታል። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር በፍርግርጉ አሾለከችልኝ።

"ቻርጅ አልቀበል ብሏል። ትችያለሽ?"

የእጅ ሬዲዮ ነው። የባትሪው መገናኛ ዝጎ ነበር፤ ጠርጌ አበራሁት። ላፕቶፑ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ፦ 2614።

ቀና ብዬ ሲስ ኖምሳን አየኋት።

"የባሌ ነው" አለች። "ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት እከፍተውና ባልደረቦቹን እሰማለሁ። ለድርጅቱ ጠፍቷል ብያለሁ፤ እንዳትናገሪ።"

ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ የድርጅቱ ሬዲዮ ስለሆነ የተቆለፈውን ንግግር ይፈታል። ያን ሁሉ ወር ቁጥር ብቻ ሳይ ኖሬ ሰው ስሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። አንዲት ድካም የተጫናት ሴት ኦክስጅን ያለው አልጋ ትጠይቃለች፤ አንድ ወንድ "የለም" ይላታል። ሲስ ኖምሳ ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደግፋ አዳመጠች።

"ይቺ ሴት ስትስቅ ብትሰሚያት" አለች። "የሚያስቃት እሱ ነበር።"

ስለ ስካነሩ አልነገርኳትም። ፈራሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ እስክሪኑ ላይ 2614 ተጠራ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። መልስ የለም። ከዚያ አንድ አጭር ትእዛዝ ወጣ፤ የጠፋ ሬዲዮ ከሩቅ የሚዘጋበት ትእዛዝ ነው። ቁጥሩ ጠፋ። ወዲያው ሲስ ኖምሳ መንገዱን እየሮጠች ተሻገረች።

"ምን አደረግሽው? ገደልሽው እኮ!"

አጥሩ ሥር የተቀመጡ ጎረምሶች ተነሡ። "ፎሪነሯ ምን አደረገችሽ?" አለ አንዱ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ የውጭ ሰው ሱቅ ያስቃጥላል። ዝም ብል ሬዲዮውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ብናገር ደግሞ ሰላይ ነኝ። የብረት በሩን ከፍቼ አስገባኋትና ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞርኩላት። ሁሉንም ነገርኳት።

"በየቀኑ ታዪኝ ነበር?"

"ቁጥሩን እንጂ አንቺ መሆንሽን አላውቅም ነበር።"

ሦስቱን ጥሪዎች በጣቷ ነካቻቸው። "ሲጮህ ሰምቻለሁ። ፈርቼ ነው ያላነሣሁት።" ከዚያ ወጥታ ጎረምሶቹን "ባትሪው ነው፣ ሂዱ" አለቻቸው።

በማግስቱ ሬዲዮውን ይዛ ድርጅቱ ሄደች። ተመልሳ ዳቦ ልትገዛ መጣች።

"የምትስቀዋን ሴት አገኘኋት" አለችኝ። "'ሌባ መስሎን ነው የዘጋነው፤ እኔ ነኝ ብትይ ኖሮ እኮ እናዋራሽ ነበር' አለችኝ።"

ዳቦዋን አቅፋ ተሻገረች።

እኔም ያኔውኑ እናቴ ጋ ደወልኩ። በኢንተርኔት ስለሆነ እሷ ጋ የሚታየው የማታውቀው ቁጥር ነው።

"ሀሎ? ማን ልበል?"

ከኋላዋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማኛል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ዝናቡን አዳመጥኩ።

"ማነው? ተናገር እንጂ!"

ትንሽ ጠበቀችና ዘጋችው። እንባዬን ጠርጌ እንደገና ደወልኩ። ይጠራል።