ቀኝ እጄ የእናቴ፣ ግራ እጄ የአክስቴ

እኛ ቤት ሁሉም ነገር በስብሰባ ነበር የሚወሰነው። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራው ይልቅ ግምገማው ይበዛ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲገመግምና ሲገመገም ውሎ ማታ ሲግናል ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሲመለስ ኮቱን ያወልቃል እንጂ ስብሰባውን አያወልቅም። ብርጭቆ ከሰበርኩ ግለሂስ አደርጋለሁ። ለፋሲካ በግ ይገዛ ወይስ ዶሮ ይበቃል የሚለው በድምፅ ብልጫ ይወሰናል። እናቴ ወጥ ላይ ጨው ሲበዛባት "ሂሱን ተቀብያለሁ" እያለች ትቀልድበታለች፤ እሱ ግን የምሯን ይመስለው ነበር።

እንግዲህ እኔ ሞኟ አፌን የከፈትኩት በዚህ ቤት ውስጥ ነው።

ላገባው የወሰንኩት ልጅ ሽማግሌ ልኳል። ሽማግሌዎቹ አንዴ መጥተው "ተመካክረን እንጠብቃችኋለን" ተብለው ለእሁድ ተቀጥረዋል። በዚህኛው ዙር ግን እናቱም አብረው ሊመጡ ሆነ። እናት ከሽማግሌ ጋር መምጣቷ ወግ አይደለም፤ እሳቸው ግን ባላቸው ከሞተ በኋላ ልጁን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸውና "በዓይኔ ሳላይ አይሆንም" አሉ። ከኔ በፊት አንዷን አይተው "ይቅርብህ" ብለውታል፣ እሱም ትቷታል። እሳቸው እንቢ ካሉ እኔንም እንደሚተወኝ አውቅ ነበር። እንቅልፍ አጣሁ። ጁስ ቤት ቁጭ ብለን "እናትህ ሰው ሲያዩ ምንድነው የሚያዩት?" ብዬ ብጠይቀው፣ "እናቴማ መጀመሪያ የምታየው እጅ ነው" አለኝ።

እጅ! እጄን አየሁት። አንዱ ጥፍሬ ረዝሟል፣ አንዱ ተሰብሯል፣ አንዱን በልቼዋለሁ። በድንጋጤ ለእናቴ ነገርኳት፣ እናቴ ለአባቴ ነገረችው፤ አባቴ ደግሞ ከእራት በኋላ ስብሰባ ጠራ።

"የዕለቱ አጀንዳ አንድ ነው" አለ መነጽሩን እያስተካከለ። "ጥፍር።"

ታላቅ ወንድሜ ሳቀና ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

መጀመሪያ እናቴ ተናገረች። ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት፤ ስትናገር እንደ ገበያው ጮክ ብላ ነው። "ጥፍር ከጣት ሥጋ አይለፍ! ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፣ አለቀ። ሊጥ የሚያቦካ እጅ ነው። በርበሬ ጥፍሯ ስር ገብቶ ዓይኗን ብታሽ ማን ይደርስላታል? እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን በርበሬ ስሰፍር ዓይኔ የተረፈው በምን ይመስላችኋል?"

አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ መገናኛ ውበት ሳሎን ውስጥ ነው የምትሠራው። እጄን አንስታ እንደ ሸቀጥ አገላበጠችው። "ጣቶቿን እዩልኝ እስቲ። አጭርና ወፍራም ናቸው። ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ብትቆርጡት የባሰ ድንቡሽ ይላሉ። ከጎንና ከጎኑ ወስደን ጫፉን ሹል ብናደርገው ግን ጣቷ ረዝሞ ይታያል። የተማርኩት ነው፣ ከኪሴ አላወጣሁትም።"

"ልጄን ጣተ ድንቡሽ አልሻት?" አለች እናቴ። "የወረሰችው የኔን ጣት እኮ ነው!"

"እኔ ያንቺን መቼ አነሳሁ?"

"ሥነ ሥርዓት!" አለ አባቴ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረገ።

ከዚያ ቀለም መጣ። የልጁ ቤተሰቦች ጴንጤ ናቸው፣ እኛ ደግሞ ኦርቶዶክስ፤ እናቴ "ጴንጤ ቀለም አይወድም ሲባል ሰምቻለሁ" አለች። አክስቴ "የደንበኞቼ ግማሹ ጴንጤ ናቸው፣ ቀይ ካልሆነ እንቢ ይላሉ" አለች። አባቴ መረጃው አልተጣራም ብሎ ጥፍሩ በተፈጥሮው ይቆይ ሲል ወሰነ። በዚህ ብቻ ሁሉም ተስማማ።

በቅርፁ ግን ድምፅ ተሰጠ። አባቴ ከእናቴ ጋር ሆነ፤ ወንድሜ እናቴ በጠዋት ስለቀሰቀሰችው ተናዶ ከአክስቴ ጋር ሆነ። እኩል ለእኩል።

"እኔስ?" አልኩ።

"ጉዳዩ የሚመለከተው አካል ድምፅ አይሰጥም" አለ አባቴ። "የጥቅም ግጭት አለ።"

"አባዬ፣ ጥፍሩ እኮ የኔ ነው!"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ።"

አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። አባቴ ወደ ጣሪያው አይቶ አይቶ በመጨረሻ መፍትሔ አገኘ። ቀኝ እጅ የሥራ እጅ ስለሆነ በእናቴ ሐሳብ ይቆረጣል፤ ግራ እጅ የቀለበት እጅ ስለሆነ በአክስቴ ሐሳብ ይሞረዳል። ሁሉም አጨበጨበ። የሚገርመው እኔም አጨበጨብኩ፤ የለመደብኝ ነገር ነው መሰለኝ።

በማግስቱ ቀኝ እጄ የገበሬ፣ ግራ እጄ የሙሽራ ሆኖ ሥራ ገባሁ። ታክሲ ውስጥ መልስ ልቀበል ግራ እጄን ብዘረጋ ወያላው "እናት፣ ቀስ! ልትወጊኝ ነው እንዴ?" አለኝ። ቀኙን ስዘረጋለት "በቃ፣ ከዚህኛው ጋር እንነጋገራለን" ብሎ ታክሲው ሙሉ ሰው አሳቀብኝ። ጸሐፊ ነበርኩ፤ የግራ ጥፍሮቼ ኮምፒውተሩ ላይ ጎረቤት ፊደል እየነኩ ደብዳቤውን አበላሹብኝ። አለቃዬ "ምን ነካሽ ዛሬ?" ቢለኝ ምን ልበለው? የቤተሰብ ውሳኔ ነው ልበለው?

እሁድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ እናቱም በነጭ ነጠላ ገቡ። ቀጠን ያሉ፣ የማይስቁ ሴት ናቸው።  ወጉ ቢጠየቅ መልሱ ሳይሰጥ ማዕድ አይቀርብም፤ አባቴ ግን በባዶ ሆድ ውሳኔ አይተላለፍም ብሎ "አስታጥቢ" አለኝ። በቀኝ እጄ ማንቆርቆሪያውን፣ በግራዬ ሳህኑን ይዤ ወጣሁ። እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና ግራ እጅሽን ከሳህኑ ስር ደብቂ እያለች በዓይኗ ታዘኛለች፤ አክስቴ ከጎኗ ሆና ግራሽን ወደ ላይ አውጪ ትለኛለች። ሳህኑን አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ አደርጋለሁ። በዚህ መሐል ሹሉ ጥፍሬ የልጁ እናት ነጠላ ጥለት ውስጥ ገብቶ ክር መዘዘ።

"ወይኔ ጉዴ!" አልኩ።

"ቆይ ልጄ፣ አትጎትቺ" አሉኝ። ሳህኑን ራሳቸው ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ክሩን ቀስ ብለው አላቀቁት። እጄን ግን አልለቀቁም። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ቀጥለው ቀኙንም ጠየቁኝ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ሰጠኋቸው። 

"ይሄ የማን ነው?" አሉኝ ቀኙን ይዘው።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እውነቱ አመለጠኝ። "የእናቴ" አልኩ።

"ይሄስ?"

"የአክስቴ።"

"ያንቺስ?"

 እንባዬ መጣ። "እማማ፣ እርስዎ መጀመሪያ የሚያዩት እጅ ነው ተብሎ እኮ ነው" አልኩ።

"ያ የኔ ቀባጣሪ ነው ያለሽ?" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "ዓይኔ ከሩቅ አያይም እኮ ልጄ። የሰው ፊት ብዥ ይልብኛል። ሰላም ሲለኝ የሚጠጋኝ እጁ ስለሆነ እሱን አያለሁ። ሌላ ምን አለው?" ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ። "ግን አሁን አየሁት። ሂጂና የራስሽን ይዘሽ ነይ። እኔ ሳልታጠብ እጠብቅሻለሁ።"

መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ቀረቀርኩ። እናቴ በስንጥቁ "አጭር! አጭር!" አክስቴ "ሞረዱ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሞርጂ!" ይሉኛል። አባቴ "ውሳኔው የሚሻረው በድጋሚ ስብሰባ ነው" እያለ ነው። "ተዉኝ!" ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌዎቹም ሳይሰሙ አይቀሩም።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እጄን አየሁ። እኔ ራሴ ምን ዓይነት እንደምወድ አላውቅም ነበር። ይሄን የሚያህል ሰው ሆኜ! ማንም ጠይቆኝ አያውቅማ። ብዙ ካየሁ በኋላ ጥፍሬ ከሥሩ፣ ሥጋው ጋ፣ ክብ መሆኑን አስተዋልኩ። ሥሩን አይቼ ጫፉን እንደሱው አደረግኩት። ጎንና ጎኑን አልነካሁም፤ እሱ ሲነካ ነው የሚሰበረው። ሹሉን ቆረጥኩ፣ የቀኙን ማዕዘን አለዘብኩ፣ የግራውን ከጣቴ ትንሽ ብቻ ብቅ እንዲል ተውኩት። በርበሬም አይገባበት፣ ነጠላም አይዝ። ጣቴ አልረዘመም። ግን የኔ ይመስል ነበር፤ ደስ አለኝ።

ስወጣ ወጡ ቀዝቅዟል። ከእንጦጦ ቁልቁል በእግራቸው የወረዱት ትልቁ ሽማግሌ በረሃብ ፊታቸው ጠቁሯል። የልጁ እናት ሳህኑን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ናቸው። ጥፍሮቼን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "እሺ፣ አሁን አፍስሺልኝ" አሉ።

ሁሉንም አስታጥቤ ሳልጨርስ ትልቁ ሽማግሌ ብድግ አሉ። "ቃላችሁን ሳንሰማ አንቀምስም። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን።"

አባቴ ተነሳ። መመረቅ ነበረበት፤ ግን ልማድ ነውና "የሚቃወም አለ?" አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ድምፅ የሚያቅብ? የሚደግፍ እጁን ያውጣ።"

እናቴ አወጣች፣ አክስቴ አወጣች፣ ወንድሜም አወጣ። አባቴ በጣቱ እየጠቆመ ቆጥሮ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ጉዳዩ የሚመለከተው አካል..." ብሎ ጀመረ።

ማንቆርቆሪያውንና ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩና እጄን አወጣሁ። ገና እርጥብ ስለነበር ውሃው በክንዴ ወደ ክርኔ ወረደ። አባቴ መነጽሩን አስተካክሎ እጄን አየ።

ከዚያም ቆጠረኝ።