በይርጋ አፍ የተሳደብኩት

ዛሬ ደባርቅ ገበያ ከሚኒባስ ቴፕ ሸሽቼ በጎች መሀል ተደበቅሁ። የይርጋ ማሲንቆ ሲንቆረቆር ሰውየው ራሱ የመጣ መስሎኝ!

"አባባ፣ ምን ጠፋብዎ?" አለኝ በግ ሻጩ።

"መነጽሬ" አልኩት። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ደግነቱ ዋጋዬን የጠየቀ ገዢ አልነበረም።

የዚህን ፍርሃት ምክንያት ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ለእናንተ ልናገር።

ይርጋ ዳባት ሳለሁ የጎረቤቴ ልጅ ነበር። የወፍጮውን ሞተር ሳል ሳይቀር በማሲንቆ ያወጣዋል። አንድ ሰርግ ሲቃረብ "ጋሼ፣ የማሲንቆዬ ክር ሳስቷል፤ ከፈረስህ ጭራ ስጠኝ" ሲለኝ፣ "ሰርጉ ይለፍና" አልኩት።

የሰርጉ ደጋሽ የሙሽራው አባት ነበሩ። የሙሽራውን እህት ለማግባት ሽማግሌ ብልክባቸው መልስ ነፍገውኛል። አኩርፌያለሁ። ለአዝማሪ ግጥም የሚሰጥ ሰው ጮክ ብሎ ነው የሚሰጠው፤ ባለቤቱ እንዲታወቅ። እኔ ግን በይርጋ ጆሮ አንሾካሾክሁ፤ እሱም አምኖኝ ዘፈነው፦

የሙሽራው አባት እጁ ተቆልፎ፣
እንግዳው ሊያድር ነው ባዶ ሳህን አቅፎ።

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሰውየው ተነሡ። "ማነው ይህን ያስባለህ?"

ይርጋ አየኝ። ስሜን አልጠራም፤ "የኔ ነው" እንድል ጠበቀኝ። እኔስ? እኔ ሥጋ ጎረስኩ። ማሲንቆውን ከምሰሶው ጋር ሲያጋጩት እያየሁ አላመጥኩ። ምን ዓይነት ጉሮሮ ነው ያኔ የሚውጥ?

"ሁለተኛ ዳባት እንዳላይህ!" አሉት። በማግስቱ በጭነት መኪና ሊማሊሞን ወረደ። ወጣትነቱን በየጠጅ ቤቱ፣ በተዋሰው ማሲንቆ ገፋው። እኔ የሰውየውን ልጅ አገባሁ። አማቼ ሲሞቱ እንኳ አልነገርኳቸውም።

ነገ የልጅ ልጄ ሰርግ ነው። ልጆቹ፣ ምንም ሳያውቁ፣ ስመ ጥሩውን ይርጋን ጠርተውታል። ያን ግጥም ፊቴ ቆሞ ቢደግመውስ? ባይደግመውስ? የቱ እንደሚብስ አላውቅም። ተነሥቼ "የኔ ነበር" ልል አስቤያለሁ፤ ግን አፌን አላምነውም፤ አንዴ በጉርሻ ተዘግቷል። ይቅርታ አልለምንም። እሱ ልጅ ነበር፣ እኔ ሰው አክዬ ነበር፤ በቃ።

ገበያ የወጣሁት ፈረስ ካላቸው ሰዎች ያን ያልሰጠሁትን ጭራ ልለምን ነበር። ከበጎቹ መሀል ቀና ስል ፈረሶቹ ሄደዋል። የይርጋ ጭራ ዕዳ ዛሬም እኔ ላይ ነው።