ባሌ ባትሪ ሲመርጥ

ባሌ የእጅ ባትሪ ሲገዛ አብሮት የሚቆም ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ገና ከሩቅ ሲያዩት ይሳሳቃሉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አያነብም። «እዚያ ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ውሸት ነው» ይላል። ባትሪውን ያበራና ጨለም ወዳለው የሱቁ ጥግ ያዞረዋል። ግድግዳው ላይ ትንሽ ደማቅ ክብ ብቻ ከታየ ይመልሰዋል። «ይሄ ለሩቅ ነው፤ እግር ሥር ያለውን አያሳይም።» እሱ የሚፈልገው ብርሃኑ በስፋት የሚፈሰውን፣ ከዳር እስከ ዳር የሚያሳየውን ነው። ቀጥሎ መዳፉን ዘርግቶ ያበራበታል። ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ አድልቶ መዳፉ የሬሳ ከመሰለ ያንንም አይወስድም። ትንሽ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ጭቃውን ከድንጋዩ የሚለይ ብርሃን ይመርጣል። ማብሪያው በጣት ብቻ ተዳብሶ መገኘት አለበት። በስልክ ቻርጀር የሚሞላ መሆን አለበት። ማንም ያልጠየቀው ብልጭ ድርግም የሚለው ነገር ባይኖረው ደግሞ ይመርጣል።

በተጋባን ሰሞን ይህ ነገሩ ደስ ይለኝ ነበር። የሌላው ሰው ባል ሲጠጣ ያመሻል፤ የእኔ ባል ትርፍ ነገር ካለው ባትሪ ብቻ ነው እያልኩ ለጓደኞቼ አወራ ነበር። ድሮ አባቴ ቤት የነበረው ባትሪ ትልልቅ ድንጋይ የሚበላ፣ አምፖሉ እየደከመ ሄዶ እንደ ትንባሆ ጫፍ የሚቀላ ነበር። ባሌ ያመጣቸው እነዚህ ኤልኢዲ የሚባሉት ግን ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጡም፤ ቤቱን ሙሉ ያበራሉ። መብራት ሲጠፋ አንዱን ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ ወደ ላይ ያበራዋል። ብርሃኑ ነጩ ኮርኒስ ላይ አርፎ ለስለስ ብሎ ይወርድልናል። እራታችንን በዚያ ብርሃን እንበላለን፤ መብራቱ ሲመጣ ሁለታችንም እንደመከፋት ይለናል። አመሻሽ ላይ ስንወጣ ደግሞ በአንድ እጁ ባትሪውን ይዞ በሌላው ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ጎረቤቶቼ «አወይ ፍቅር» ይሉኝ ነበር። እኔም ፍቅር ነው ብዬ አምኜ ነበር። ፍቅርም ሳይኖርበት አይቀርም፤ ግን ፍቅር ብቻ እንዳልነበረ ያወቅሁት ብዙ ከተዋረድን በኋላ ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። እሱ የግብርና ባለሙያ ነው፤ በከተማው ዙሪያ ያሉ ገጠር ቀበሌዎችን እየዞረ ገበሬ ያማክራል። ከመስክ ቢዘገይም ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ለመድረስ ይሮጣል። ለዚህም አመሰግነው ነበር።

የመጀመሪያው ቅያሜ የመጣው ከአባቴ በኩል ነው። አባቴ ደብረ ወርቅ ይኖራል። ቄስ ነው፤ ሰው ሲናገር ቃሉን፣ ሰው ሲቀመጥ አቀማመጡን የሚመዝን ዓይነት ሰው ነው። ከሠርጋችን በኋላ ለበዓል ሄደን፣ ከውጭ ከነበረው ኃይለኛ ፀሐይ ወደ ጨለማው ቤት ገባን። አባቴ ከመደቡ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ባሌ በአጠገቡ አልፎ ሄዶ ግድግዳውን በእጁ ዳበሰና ወንበር ላይ ተቀመጠ። የአባቴ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ባሌ ጥቂት ቆይቶ «አባባ የት አሉ?» ሲል ሁሉም ቀልድ መሰላቸው፤ ያውም የብልግና ቀልድ። እኔ ደንግጬ «እዚህ ናቸው» አልኩት። ብድግ ብሎ ጉልበት ሳመ፤ ይቅርታም ጠየቀ። አባቴ ግን ስንሄድ ለብቻዬ ጠርቶ «ባልሽ ሰው አያይም» አለኝ።

ሰው ይንቃል ማለቱ ነበር። በአባቴ አፍ አንድ ቃል ሁለት ነገር መያዙ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሁለተኛውን ትርጉም እሱም አላሰበው፣ እኔም አልሰማሁት።

ልጃችን ተወልዳ ገና ጡት ሳትተው አክስቴ ሞተች። የአባቴ እኅት ናት። ድንኳኑ አባቴ ግቢ ተተክሎ ነበር። እኔ ልጄን ይዤ ቀድሜ ሄጃለሁ፤ ባሌ ከሥራ ቀጥታ ሊመጣ ተነጋግረናል። ሲደርስ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናብ ያንጠባጥባል፣ ድንኳኑ ውስጥም ደብዘዝ ብሏል። ግንባሩ ላይ የምትታሰረዋን ባትሪ እንዳበራ ገባ። አንገቱን ባዞረ ቁጥር ብርሃኑ የለቀስተኛውን ፊት አንድ በአንድ እየገረፈ አለፈ። ሴቶች በነጠላቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። ሲያለቅሱ የነበሩት ዝም አሉ።

«ይህን ነገር ከራስህ ላይ አውልቅ» አለ አባቴ። «የመጣኸው ለለቅሶ ነው ወይስ ሌባ ልታድን?»

«ይቅርታ አባባ» አለና አወለቀው፤ አጠፋው።

ከዚያ የሆነውን አሁንም በዓይኔ አያለሁ። ባሌ ቆመ። እጁን ወደፊት ዘርግቶ ትንሽ ተራመደ። እኔ ማዶ ከሴቶቹ መሃል ልጄን ታቅፌ ተቀምጫለሁ፤ የአግዳሚ ወንበሩን ጫፍ አየሁት፣ እሱም የሚያየው መስሎኝ ዝም አልኩ። ጉልበቱ አግዳሚውን መታና ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ላይ በደረቱ ወደቀ። የአንደኛው መቋሚያ ተወርውሮ ሄደ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ጠጥቶ ነው» ስትል ሰማሁ። ባሌ ጠላ እንኳ የማይቀምስ ሰው ነው። ልጄን ለሰው ሰጥቼ ሄጄ አነሳሁት።  አባቴ ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ በሚኒባስ ስንመለስ አላነጋገርኩትም። ቤት ደርሰን፣ ልጅቷ ተኝታ፣ ፀሐይዋ ገብታ ሰማዩ ገና ነጣ እንዳለ ግቢያችን ውስጥ ቆመን ነው የጠየቅሁት።

«ሰው ሁሉ በሥርዓት ተቀምጦ ሳለ አንተን ቦታ ፈልጎ መቀመጥ እንዴት ያቅትሃል?»

«ጨለማ ነበራ።»

«እኛም እዚያው ጨለማ ውስጥ ነበርን።»

«እናንተማ ቦታችሁን ታውቁታላችሁ» አለኝ።

ተናደድኩ። ልብስ ማስጫው ገመድ ከፊታችን ነበር። «እስቲ ገመዱ ላይ ምን ምን እንዳለ ንገረኝ» አልኩት። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«ያለ ባትሪ» አልኩት።

«ያለ ባትሪማ ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ። ያንተ ሸሚዝ አለ። ከሱ ቀጥሎ የልጅቷ ፎጣ። ከበስተኋላው አጥሩ ላይ የጎረቤት ድመት ተቀምጣለች።»

ባትሪውን አውጥቶ አበራ፤ ብርሃኑን ከሸሚዙ ወደ ፎጣው፣ ከፎጣው ወደ ድመቷ ወሰደው። አጠፋው። እንደገና አበራው።

«የምርሽን ነው?» አለኝ። «ሰው ሁሉ እንዲህ ያያል?»

ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። በልጅነቱ ሌሎች ልጆች አመሻሽ ላይ ሲሯሯጡ ድፍረታቸው ይገርመው እንደነበር ነገረኝ። ማንም እንደማያይ፣ ግን እነሱ እንደማይፈሩ ነበር የሚያስበው። «እኔ ፈሪ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት» አለኝ። ሰውዬው ያን ሁሉ ባትሪ ሲመርጥ የኖረው ፍርሃቱን ለመደበቅ ነበር።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዓይኑን በጠብታ አስፍታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በጣቷ ከጎን በኩል እያሳየች «ይታይሃል?» አለችው። እኔ በደንብ የማየውን ጣት እሱ አላየውም። ለካ ቀን ቀንም ዙሪያው እየጠበበበት ነው፤ ወደፊትም ይጠብባል። መነጽርም መድኃኒትም እንደሌለው ስትነግረን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ከቤተሰብ እንዲህ ያለበት ሰው አለ?»

«የለም» አለ ባሌ።

«በዘር የሚመጣ ነገር ነው፤ እስቲ ጠይቅ።» ከዚያ የምትለው ስታጣ ነው መሰለኝ «ባትሪ ያዝ፤ ሰፋ ያለ ብርሃን ያለው ይሻልሃል» አለችው። ከሐኪም ቤት ይዘን የወጣነው ምክር ይኸው ነበር፤ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው።

እናቱ መርጡለ ማርያም አካባቢ ነው የምትኖረው። የሄድነው ቀን ጠብቀን አይደለም፤ ባሌ ማደር አልቻለም። ሐኪሟ ያለችውን ሲነግራት እናቱ እንደ ቀላል ነገር «ዳፍንት ነው እንግዲህ፤ ጉበት ብትበላ ይተውሃል» አለች።

«በዘር ነው የሚመጣው ብላኛለች፣ እማ።»

እናቱ የነጠላዋን ጫፍ ማፍተልተል ጀመረች። ቆይታ «ወንድሜም እንዲሁ ነበር» አለች።

«ገዳም ገባ ያልሽኝ አጎቴ?»

«ገዳም አልገባም። መጀመሪያ ማታ ማታ ነበር፤ ኋላ ቀኑም ጨለመበት። ሚስቱ ጥላው ሄደች። እሱም አንድ ቀን ምርኩዙን ይዞ ወጣ። የሆነ ደብር ደጅ ቁጭ ብሎ ሲለምን አየነው አሉ፤ ከዚያ ሞቱን ሰማን።»

«እኔ ላይ እንዳለ ታውቂ ነበር?»

መመለስ አያስፈልጋትም ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት ትጠራው የነበረችው እሷ ናት። የመጀመሪያውን ባትሪ የገዛችለትም እሷ ናት፤ ተማሪ ሳለ፣ ሌላ ልጅ ባትሪ በሌለው ጊዜ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

እናቱ እሱን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «ብናገር ማን ይድርለት ነበር? አንቺስ ታገቢው ነበር?»

«እንግዲህ አያውቁትም፤ አልጠየቁኝም» አልኳት። ይህን ያልኩት አንገቴን ቀና አድርጌ ነው፤ ግን መልስ አልነበረም። ታገቢው ነበር ወይ ለሚለው መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ከሁሉ በላይ የማልምራትም ለዚህ ነው። በዝምታዋ የበደለችው ባሌን ብቻ አይደለም፤ ከእኔም አውቄ መርጬው ነበር የምልበትን አፍ ወስዳብኛለች። ባሌ በቀጣዩ ፋሲካ ወደ እሷ አልሄደም። ስልክ ስትደውል ደህና ነኝ ይላታል፣ ይዘጋል።

አባቴ ሲሰማ ያዝናል ብዬ ነበር።  እሱ ግን «ደብቀው ነው የሰጡን» አለ። «በውሸት የቆመ ጋብቻ ነው፤ ልጅሽን ይዘሽ ወደ እኔ ግቢ።»

«እሱም አያውቅም ነበር፣ አባባ።»

«እናቱ ታውቅ ነበር።»

«እርስዎ ባልሽ ሰው አያይም ብለውኝ ነበር» አልኩት። «እውነትዎን ነው፤ አያይም። እንግዲህ በድንኳኑ ሰው ፊት ያዋረዱት ዕውር ሰው ነው። አንዲት ቃል ይላኩለት።»

አባቴ መቁጠሪያውን ማገላበጥ ጀመረ። ያቺን ቃል ሳይልክ ቀረ። ሌባ ልታድን ነው ያለውን የደብረ ወርቅ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ይቅርታውን ግን ማንም አልሰማም።

ባሌ አሁን የመስክ ሥራ ትቶ ቢሮ ይሠራል። እዚያም ከወረቀት ወደ ወረቀት ዓይኑን ሲያዞር ይጠፋበታል። ባትሪ መምረጡን ግን አልተወም። ባለፈው ያመጣት ባትሪ አንገት ላይ የምትንጠለጠል ናት፤ ከደረቱ ወደ ታች ሰፊ ብርሃን ትለቃለች፣ የሰው ፊት አትወጋም። ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየሄደ ሲሞክራት «እግሬን አየሁት» አለኝ፤ ደስ ብሎት ነበር። እኔም ደስ ብሎኛል አልኩት። የሚያየው ነገር በየጊዜው እየጠበበ፣ የሚያበራው ነገር በየጊዜው እየሰፋ ሲሄድ ቆሞ መመልከት ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ልጃችን አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ሐኪሟ ከፍ ስትል አምጧት ብላናለች። እኔ መጠበቅ አቅቶኝ አመሻሽ ላይ የጓዳውን መብራት አጥፍቼ «እስቲ ማንኪያውን አምጪልኝ፣ እስቲ ጫማሽ የት ነው?» እላት ነበር። ለእሷ ጨዋታ ነው። ሮጣ ታመጣለች፤ እኔም ትንፋሼ ይመለሳል። አንድ ቀን ግን በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋችና «አይታየኝም» አለች። እንደገና ጠየቅኋት። «ምንም አይታየኝም።»  ከዚያ ሳቀች፤ ማንኪያው ከጀርባዋ ነበር። እንዴት እንደጮህኩባት አላውቅም። አልቅሳ ወደ ውጭ ወጣች።

ባሌ ሳሎን ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ግድግዳውን በእጁ እየተከተለ መጥቶ ማብሪያውን ዳብሶ አበራና በሩ ላይ ቆመ። ምን ሳደርግ እንደቆየሁ ለመረዳት መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትፈትኛት?»

ጥላው የወጣችውን ማንኪያ ከወለሉ ላይ አነሳሁ።

«ከእንግዲህ እንዲህ አታድርጊ» አለኝ። «ቢኖርባት እኛው ራሳችን እንነግራታለን። ፊት ለፊት። በልጅነቷ።»

«እሺ» አልኩት።

ልጅቷን ሊያባብል ወደ ግቢው ወጣ። ገና ብርሃን ነበር፤ ቢሆንም ከበሩ ሲወርድ በእግሩ ደረጃውን እየፈለገ ነበር።